ስሪቪጃያ፦ በነፋስና በወደብ የከበረው የማላይ መንግሥት እንዴት ከሰመ?

ስሪቪጃያ የሚባል ትልቅ መንግሥት እንደነበረ እስከ 1918 ድረስ በውል የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ጆርጅ ሴዴስ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የተበታተኑ ወሬዎችን አንድ ላይ ገጣጠመ። የቻይና መዛግብት መጀመሪያ "ሺሊፎሺ"፣ ኋላ ደግሞ "ሳንፎጪ" የሚሉት አገር ነበር። ዓረቦች "ዛባጅ" እያሉ ስለ ንጉሡ ወርቅ አውርተው አይጠግቡም። ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለችው በሱማትራ ደሴትና በማላይ ባሕረ ገብ መሬት የተገኙ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ደግሞ "ስሪቪጃያ" የሚል ስም ይገኛል። ይህ ስም እስከዚያ ድረስ የአንድ ንጉሥ መጠሪያ ይመስላቸው ነበር። ሴዴስ "የለም፣ የመንግሥት ስም ነው፤ ቻይኖቹም የሚያወሩት ስለዚሁ ነው፤ ዋና ከተማውም ሱማትራ ውስጥ ፓሌምባንግ ላይ ነበር" አለ።

ታዲያ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ ስድስት መቶ ዓመት ያህል የኖረ መንግሥት እንዴት እንዲህ ድራሹ ይጠፋል? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። ሰዉ የሚኖረው በእንጨትና በቀርከሃ ቤት ነበር፤ ብዙው ደግሞ ወንዝ ላይ በተንሳፈፈ ቤት። እርጥበትና ጭቃ ባለበት አገር እንጨት ይበሰብሳል። እንደ ካምቦዲያው አንኮር ያለ የድንጋይ ከተማ የጠበቀ ሰው ፓሌምባንግ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ጠለቅ ይላል። ይህ መንግሥት የከበረው ባመረተው ነገር አይደለም። የከበረው ሌሎች ሰዎች እሱ ደጅ ላይ መቆም ግድ ስለሆነባቸው ነው። ግዴታው ሲቀር መንግሥቱም አብሮ ቀረ።

ካርታ ብታዩ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ከሕንድ ወደ ቻይና በባሕር የሚሄድ ሰው የማላይ ባሕረ ገብ መሬትና የሱማትራ ደሴት ፊቱ ይገተሩበታል። ዋናው መሹለኪያ በሁለቱ መካከል ያለው የማላካ ሰርጥ ነው። ሌላው አማራጭ በሱማትራና በጃቫ መካከል ያለው የሱንዳ ሰርጥ ነው። ባብ ኤል መንደብ ለእኛ ቀጠና ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የማላካን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ፓሌምባንግ ከሁለቱም ሰርጦች ብዙም አትርቅም። ባሕር ዳር ግን አይደለችም፤ በሙሲ ወንዝ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብታ ነው የምትገኘው። ወንዙ ሰፊ ስለሆነ የባሕር መርከብ ያስገባል። መንገዱን ለማያውቅ ወራሪ ግን ረግረጉና የማንግሮቭ ጫካው አይመችም።

አሁን ነፋሱን ጨምሩበት። በዚያ ባሕር ላይ ነፋስ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል። በእኛ ክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ በበጋው ከሰሜን ምሥራቅ። ከሕንድ ወደ ምሥራቅ የወሰዳችሁ ነፋስ መልሶ አይወስዳችሁም። ከቻይና ወደ ደቡብ የሚያወርደው ደግሞ ሌላው ነው። ስለዚህ መርከበኛው መሃል ላይ አንድ ቦታ ለወራት መቀመጥ አለበት። እዚያ ሲቀመጥ ንጹሕ ውሃ፣ ሩዝ፣ መጋዘን፣ አስተርጓሚ፣ መርከብ ጠጋኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይዘርፈው አስተናጋጅ ይፈልጋል። ብልጥ የሆነው ነጋዴ ደግሞ እስከ ቻይና መድከም ሳያስፈልገው ዕቃውን እዚያው ሸጦ፣ የቻይናውን ዕቃ እዚያው ገዝቶ ይመለሳል። ስሪቪጃያ ይህን መሃል ቦታ ያዘች።

ነፋሱ ምን ያህል ጌታ እንደነበር ለማየት የዪጂንግን ታሪክ ልንገራችሁ። ዪጂንግ የቡድሃ እምነት ተከታይ ቻይናዊ መነኩሴ ነው። በ671 ጓንግዡ ከምትባለው የደቡብ ቻይና ወደብ በአንድ የፋርስ ሰው መርከብ ተሳፍሮ ሃያ ቀን ሳይሞላ ስሪቪጃያ ገባ። ስድስት ወር ተቀምጦ የሳንስክሪት ሰዋስው ተማረ። ከዚያ ወደ ሕንድ አልፎ በታዋቂው የናላንዳ ገዳም ብዙ ዓመት አጠና። ሲመለስም የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ለመተርጎም ስሪቪጃያ ላይ ተቀመጠ። ወረቀትና ቀለም ግን አለቀበት። በ689 ወደ ጓንግዡ የምትሄድ መርከብ ስላገኘ ወረቀት፣ ቀለምና ጸሐፊዎች እንዲላኩለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ለመስጠት ወደ መርከቧ ወጣ። እሱ እዚያ እያለ ነፋሱ መጣ። ሸራው ተሰቀለ። አቁሙልኝ ቢልም የሚያቆም አልተገኘም። ደብዳቤ ሊልክ የወጣው መነኩሴ ራሱ ጓንግዡ ደረሰ፤ መጻሕፍቱ ስሪቪጃያ ቀሩ። በዚያው ዓመት ረዳቶች ይዞ ተመለሰ። አንድ ሙሉ ወቅት ቆማ የጠበቀች መርከብ ነፋስ ሲመጣላት ለመነኩሴም አትቆምም።

ይኸው ሰው በከተማዋ ከአንድ ሺህ በላይ መነኮሳት እንደነበሩ ጽፏል። ወደ ሕንድ መሄድ የሚፈልግ ቻይናዊ መነኩሴም መጀመሪያ እዚያ አንድ ሁለት ዓመት ቢማር ይሻለዋል ብሎ መክሯል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ነገሩ አልተቀየረም። በኋላ ቲቤት ሄዶ የቡድሃን ትምህርት ያደሰው ሕንዳዊው አቲሻ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሱማትራ ውስጥ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ እንደተማረ ይነገራል። ነጋዴ በሚያድርበት ቦታ ሊቅም ያድራል፤ የሚጓዙት በአንድ መርከብ ነውና።

የመንግሥቱን ውስጥ ለማየት ድንጋዮቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። ፓሌምባንግ አጠገብ የተገኘው የ682 ጽሑፍ ዳፑንታ ህያንግ የሚባል መሪ ሃያ ሺህ ሰው አስከትሎ በጀልባ እንደዘመተ፣ 1,312 ሰዎች ደግሞ በእግር እንደሄዱ ይናገራል። ሃያ ሺሁን እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው፤ የንጉሥ ቁጥር መቼም አያንስም። ያም ሆነ ይህ፣ ዘመኑ ተጽፎበት ከተገኘው የማላይ ቋንቋ ጽሑፍ ሁሉ ቀዳሚው ይህ ድንጋይ ነው።

የበለጠ የሚገርመው ግን እዚያው ፓሌምባንግ የተገኘው ሌላ ድንጋይ ነው። አናቱ ላይ ሰባት የእባብ ራሶች ተቀርጸዋል። ከሥሩ እንደ አሸንዳ ያለ መፍሰሻ አለው። መሃሉ ላይ ረጅም የእርግማን ጽሑፍ ሰፍሯል። ሊቃውንት እንደሚሉት ሹማምንቱ ሲሾሙ ውሃ ከእባቦቹ ራስ ላይ ይፈስሳል፤ ውሃው በጽሑፉ ላይ ወርዶ በመፍሰሻው ሲወጣ ይቀዳና ሹሙ ይጠጣዋል። ንጉሡን የከዳ እንደሆነ የጠጣው ውሃ ይገድለዋል። ታማኝ ከሆነ ደግሞ በረከት ይሆንለታል። የሚምሉት እነማን ናቸው? መሳፍንት፣ የጦር አለቆች፣ ዳኞች፣ የመርከብ አዛዦች፣ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎች፣ የንጉሡ ልብስ አጣቢዎች ሳይቀሩ።

ልብስ አጣቢውን እስከማስማል የሚደርስ ንጉሥ የሚፈራው ነገር አለው ማለት ነው። ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። ካፉሩ፣ ከርቤ የመሰለው ሙጫ፣ ሽታ ያለው እንጨት፣ ወርቁ የሚመጣው ከወንዙ ራስ፣ ከጫካው ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ባላባቶች የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ወታደር ልኮ ጫካ ለጫካ ሊያሳድዳቸው አይችልም። የሚይዛቸው በስጦታ ነው። የቻይና ሳህን፣ የሕንድ ጨርቅ፣ ጨው፣ ማዕረግ ይሰጣቸዋል። የሚሰጠው ካጣ እነሱም ሌላ ወንዝ፣ ሌላ ገዢ መፈለጋቸው አይቀርም።

በባሕሩ በኩል ያለው ነገርም ያው ነው። ኦራንግ ላውት የሚባሉ ተወልደው እስኪሞቱ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ። የደሴቶቹን ጉራንጉርና የውሃውን ጠባይ እንደነሱ የሚያውቅ የለም። ንጉሡ ድርሻ ሲሰጣቸው የባሕር ኃይሉ ናቸው፤ መርከብ ይመራሉ፣ ሌባ ያባርራሉ። ድርሻው ሲቀርባቸው ሌባው እነሱ ይሆናሉ።

መርከቦችን በጉልበት ማስቆምም ነበር። ሶንግ የሚባለው ሥርወ መንግሥት ቻይናን በገዛበት ዘመን ኳንዡ ወደብ ላይ የባሕር ንግድ ሹም የነበረው ዣኦ ሩጓ በ1225 እንደጻፈው፣ የንግድ መርከብ ወደቡ ሳይገባ ለማለፍ ከሞከረ የስሪቪጃያ ጀልባዎች ግር ብለው ወጥተው ይገጥሙታል፤ ለመሞትም አይሳሱም። አገሩ የመርከብ መናኸሪያ የሆነው በዚህ ነው ይላል ሰውየው፣ እንዲሁ በደረቁ። በጥንት ጊዜ የባሕር ወንበዴ እንዳይገባ መተላለፊያውን በብረት ሰንሰለት ይዘጉ እንደነበርም ይተርካል። ነጋዴ ሲመጣ ሰንሰለቱ ዝቅ ይልለታል። ሰላም ሲሆን ሰንሰለቱ ሥራ ፈቶ ባሕር ዳር ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ሰዎችም እንደ ቡድሃ ያከብሩት ጀመር፤ መርከቦች መሥዋዕት ያቀርቡለታል፤ ዘይት ሲቀባ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ አዞ ሊያልፈው አይደፍርም። አዞው ላይ ትንሽ ጨመር አድርጎ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ዕቃው ምን ነበር? ከምሥራቅ ደሴቶች ቅርንፉድና ገውዝ። እኛ ሻይ ውስጥ ጣል የምናደርጋት ቅርንፉድ ያን ጊዜ የምትበቅለው በማሉኩ ደሴቶች ብቻ ነበር። ከሱማትራ ካፉር፣ ከባሕረ ገብ መሬቱ ቆርቆሮ፣ ከደቡብ ዓረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ ዕጣን፣ ከሕንድ ጨርቅ። ከቻይና ደግሞ ሐርና ሸክላ። በ1998 ሱማትራ አጠገብ ካለችው ከቤሊቱንግ ደሴት ዳርቻ አንዲት የሰጠመች መርከብ ተገኝታ ነበር። በውስጧ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ዕቃ ነበር፤ አብዛኛው ሳህን ነው። አንደኛው ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም ቀን ተጽፎበታል። የመርከቧ ሳንቃዎች በሚስማር አልተመቱም፤ በገመድ ነው የተሰፉት። ይህ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ አሠራር ነው። በቻይና ዕቃ የተሞላች የዓረብ ዓይነት መርከብ በስሪቪጃያ ባሕር ላይ ሰጠመች ማለት ነው። ከመቶ ገጽ መዝገብ ይልቅ እቺ መርከብ ዘመኑን ታሳያለች።

ትርፉ ምን ያህል ነበር? በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደብ በሲራፍ የነበረው አቡ ዘይድ የሰማውን እንዲህ ያወራል። የዛባጅ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ከባሕር ጋር በተያያዘ ኩሬ ዳር ነው። በየቀኑ ጠዋት አንድ የወርቅ ጡብ ኩሬው ውስጥ ይጣላል። ውሃው ሲሸሽ ወርቁ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ንጉሡ ሲሞት ጡቡ ይወጣና ይቆጠራል፤ ለቤተ ዘመድ፣ ለጦር አለቆች፣ ለአሽከሮች ይከፋፈላል። የንጉሥ ክብር የሚለካው ትቶት በሄደው ጡብ ብዛት ነው። ወሬው ተጋኗል ብትሉ አልከራከራችሁም። ግን ወርቁ መጨረሻ ላይ የት እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ ወደ ተከታዮቹ ነው።

በውጭ በኩል ስሪቪጃያ ሁለት ትልልቅ ቤቶችን አስደስታ መኖር ነበረባት። አንዱ ቻይና ነው። ቻይና የውጭ ንግድን የምታየው እንደ ግብር ማስገባት ነው። መልእክተኛ ትልካላችሁ፣ ስጦታ ታቀርባላችሁ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሐርና ማዕረግ ይሰጣችኋል፣ በዚያውም ትነግዳላችሁ። ይህን ጨዋታ እንደ ስሪቪጃያ የቻለበት የለም። በ1003 ንጉሡ ቹላማኒ መልእክተኛ ልኮ፣ "ለንጉሠ ነገሥቱ ዕድሜ የምንጸልይበት ቤተ መቅደስ ሠርተናል፤ ስምና ደወል ይስጡን" አለ። ስሙም ደወሉም ተሰጠው። ሁለተኛው ቤት የደቡብ ሕንዱ የቾላ መንግሥት ነው። በዚያው ሰሞን ንጉሡ ናጋፓቲናም በምትባለው የቾላ ወደብ ላይ የቡድሃ ገዳም አሠራ። የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ ለገዳሙ አንድ መንደር ከነግብሩ ሰጠ። ፍቅር እንዲህ ነበር።

ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የራጃራጃ ልጅ የጦር መርከብ ላከ።

ከዚያ በፊት ግን ጃቫ ነበረች። ከ990 ጀምሮ ጃቫ በስሪቪጃያ ላይ ዘመተች። ቻይና የነበረው የስሪቪጃያ መልእክተኛ አገሩ መወረሩን ጓንግዡ ላይ ሰምቶ መመለስ አቃተው። በ992 እስከ ቻምፓ፣ በዛሬዋ ቬትናም ውስጥ እስከነበረች አገር፣ ሄዶ ደህና ወሬ ሲያጣ ወደ ጓንግዡ ተመለሰ። አገሬ በቻይና ጥበቃ ሥር ነው የሚል አዋጅ ይውጣልኝ ብሎም ለመነ። ስሪቪጃያ ያን ጊዜ ተረፈች።

በ1025 ይህ የራጃራጃ ልጅ፣ ራጄንድራ ቾላ፣ ብዙ መርከብ በሚንከባለለው ባሕር መካከል ላከ ይላል በቾላዎቹ ከተማ በታንጃቩር የተቀረጸው ጽሑፍ። የተመቱ ከአሥር በላይ ቦታዎችን በስም ይዘረዝራል። ስሪቪጃያ፣ ከዳህ፣ ማላዩ፣ ላሙሪ እያለ ይቀጥላል። የስሪቪጃያው ንጉሥ ሳንግራማ ተማረከ። የከተማዋ ባለ ዕንቁ በር ሳይቀር ተወሰደ። ለምን እንደዘመተ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ስሪቪጃያ በቾላ ነጋዴዎች ላይ ቀረጥ አክብዳ ነበር የሚሉ አሉ። ቾላዎች ራሳቸው በ1015 ወደ ቻይና መልእክተኛ መላክ ጀምረው ስለነበር፣ መሃል የቆመውን ደላላ ማስወገድ ፈለጉ የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ብዙ ሰው "ቾላ መጣ፣ ስሪቪጃያ ወደቀ" ብሎ ያልፋል። አልወደቀም። ቾላዎች መትተው ተመለሱ እንጂ አገሩን ይዘው አልተቀመጡም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1028፣ የስሪቪጃያ መልእክተኛ እንደ ወትሮው ቻይና ደረሰ። እንዲያውም የሚያስቀው፣ በ1106 የቻይና ቤተ መንግሥት ሹማምንት ቾላን የሚቆጥሩት የስሪቪጃያ ገባር አድርገው ነበር። ማን ማንን እንደመታ ወይ አልሰሙም፣ ወይ ስሪቪጃያዎች በሚገባ አድበስብሰውታል። ወረራው የጎዳው ሌላውን ነገር ነው። ንጉሡን ሊማርኩት እንደሚቻል ሁሉም አየ። ውሃውን የጠጡት ሹማምንትና በየወንዙ አፍ ያሉት ገዢዎችም አዩ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የመንግሥቱ ማዕከል ከፓሌምባንግ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጃምቢ ሄደ።

ትልቁ ዱላ ጦር አልያዘም ነበር። በምዕራብ በኩል የታሚል የነጋዴ ማኅበራት ዕቃው ወደሚገኝበት ቦታ ራሳቸው መጡ። የካፉር ወደብ በሆነችው በባሩስ በ1088 የተቀረጸ የታሚል ጽሑፍ ተገኝቷል። የነጋዴው ማኅበር እዚያ ለሚገቡ መርከቦች የራሱን ክፍያ ደንግጎበታል። ካፉሩን ከምንጩ መግዛት የቻለ ሰው ፓሌምባንግ ድረስ ምን ያደክመዋል?

በምሥራቅ በኩል ያለው ደግሞ የባሰ ነው። የሶንግ መንግሥት ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። የባሕር ቀረጥ ጥሩ ገቢ መሆኑን ስላየ የራሱ ነጋዴዎች ወደ ውጭ እንዲወጡ በር ከፈተላቸው። በ1127 ሰሜን ቻይናን ካጣ በኋላማ ፊቱን ይበልጥ ወደ ባሕር አዞረ። ትልልቅ የቻይና መርከቦች በኮምፓስ እየተመሩ ወደ ደቡብ ወረዱ። እስከዚያ ድረስ ቻይና ዕቃው እስኪመጣላት የምትጠብቅ ደንበኛ ነበረች፤ አሁን ደንበኛው ራሱ ገበያ ወጣ። ቻይናዊው ነጋዴ ጃቫም ይሄዳል፣ ሱማትራ ላይ ያለች ትንሽ ወንዝም ይገባል። የወንዙ ባላባት ሳህኑንና ሐሩን በቀጥታ ካገኘ ለስሪቪጃያ ንጉሥ የሚታዘዝበት ምክንያት የለውም። በ1178 የስሪቪጃያ መልእክተኞች ቻይና ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግዲህ ወደ ቤተ መንግሥት መምጣት አያስፈልግም፣ ኳንዡ ላይ ነግዱ አለ። ስድቡ በጨዋ ቋንቋ ነው። ከዚህ ወዲያ እንደማንኛውም ነጋዴ ሆኑ።

ዣኦ ሩጓ በ1225 አሁንም አሥራ አምስት ገባር አገሮችን ይዘረዝራል። መርከብ በግድ ማስገባቱንም የምናውቀው ከእሱ ነው። ይህ የጥንካሬ ምልክት ይመስላል፤ እኔ ግን የጭንቀት ምልክት ሆኖ ይታየኛል። ወዶ የሚገባ ብዙ ቢሆን ኖሮ ሞቶ የሚያስገባ ባላስፈለገ።

ቀሪው በፍጥነት ሄደ። በ1230 ዛሬ ደቡብ ታይላንድ በሆነው ቦታ የታምብራሊንጋው ገዢ ቻንድራባኑ በራሱ ስም ድንጋይ አስቀረጸ፤ በ1247 ደግሞ በራሱ ሥልጣን ስሪላንካን ወረረ። በ1275 የጃቫው ንጉሥ ከርታነጋራ ጃምቢ አካባቢ ወዳለችው የሱማትራዋ ማላዩ ጦር ላከ፤ በ1286 ሐውልት ልኮ የበላይነቱን አሳየ። ከሰሜን ታዮች ወረዱ። በሰሜን ሱማትራ የወደብ ከተሞች እየሰለሙ ነበር፤ በ1297 የሞተው የፓሳይ ሱልጣን ማሊክ አስ ሳሊህ መቃብር ይህን ያሳያል። የሙስሊም ነጋዴዎች ልብም ገንዘብም ወደዚያ ዞረ።

ፓሌምባንግ ራሷ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቻይናውያን የባሕር ወንበዴዎች እጅ ወደቀች። አለቃቸው ቼን ዙዪ ይባላል። አላፊ መርከብ ሲዘርፍ ቆይቶ በ1407 የቻይናው የሚንግ መንግሥት አድሚራል ዠንግ ሄ ማረከውና ናንጂንግ ተወስዶ ተገደለ።

ሥራው ግን አልሞተም። የፓሌምባንግ ልዑል የነበረው ፓራመስዋራ ተሰድዶ ተማሴክ፣ የዛሬዋ ሲንጋፖር፣ ገባ። ከዚያም ተባርሮ በ1400 ገደማ ማላካን መሠረተ። ያደረገው ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው። ኦራንግ ላውትን ከጎኑ አሰለፈ። ለቻይና መልእክተኛ ልኮ ዕውቅና አገኘ። ነፋስ ለሚጠብቅ ነጋዴ መጋዘን ተሠራ፤ ከየአገሩ ለሚመጡት ነጋዴዎችም ተከፋፍለው የሚያስተናግዱ አራት የወደብ ሹሞች ነበሩ። የማላካ ነገሥታትም የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ከፓሌምባንጉ የሰጉንታንግ ኮረብታ ይጀምሩ ነበር። ማላካ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሰርጡን ስትቆጣጠር ቆይታ በ1511 ፖርቱጋሎች ያዟት። እነሱም ከተማዋን ይዘው ሁሉም መርከብ እዚህ ይቁም ቢሉ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች በሱማትራ ምዕራብ ዞረው በሱንዳ ሰርጥ ማለፍ፣ አቼህና ጆሆር ላይም ማራገፍ ጀመሩ።